አባ ኮዳ ጂዛን የገባ ለት

ወሬ የማይወድ ሰው የለም፤ ልዩነቱ የወሬው ዓይነት ነው። አንዱ የጎረቤት ወሬ ይወዳል፣ አንዱ የገበያ፣ አንዱ የመንግሥት። የወፍ ወሬ ሲሰማ እራቱን ጥሎ የሚነሣ፣ መኪና አስነሥቶ አገር አቋርጦ የሚመጣ ሰው መኖሩን ግን ሳዑዲ ከመምጣቴ በፊት ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። ሊበላው እኮ አይደለም፤ ሊያየው ነው! አይቶም «አየሁ» ሊል! እኛ አገር ወፍ ሲያይ የሚውለው ማሽላ የዘራ ሰው ነው፤ እሱም በወንጭፍ።

እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሕግ አላቸው። ብርቅ ወፍ ያየ ወዲያው ለሌሎቹ መንገር አለበት። አይቶ የደበቀ ከሌባ አይሻልም። ይህን ሕግ ያስተማረኝ ኡስታዝ ነው። ኡስታዝ ጡረታ የወጣ አስተማሪና የከፊሌ፣ ማለትም የአሠሪዬ፣ ታላቅ ወንድም ነው። አርብ አርብ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጂዛን ውስጥ አሐድ አል-መሳርሐ ከተማ አጠገብ ወዳለው እርሻችን ይመጣና «አዲስ ወፍ ካየህ ንገረኝ» ይለኛል። እኔ ቲማቲምና ባሚያ ነው የማየው። ቢሆንም እሺ ማለት ምን ይጎዳል? እያልኩ ኖርኩ።

እርሻው ላይ ከኔ ጋር ሰዒድ የሚባል የወሎ ልጅ ይሠራ ነበር። እኔ ኢቃማ አለኝ፤ ሰዒድ የለውም። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ጆሮው ይረዝማል። ሰዒድ መኪናን በድምፁ ይለያል። «ይኼ የውሃ ቦቴ ነው፤ ይኼ የከፊሉ ሃይሉክስ ነው፤ ይኼ ደግሞ...» ካለና ካልጨረሰው፣ በቃ፣ ማሽላው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሞቱ ዶሮዎች የምንጥልበት ጉድጓድ ዳር ማን ቆሞ ባይ ጥሩ ነው? አባ ኮዳ! ራሰ በራው፣ አንገቱ ላይ ኮዳውን ያንጠለጠለው፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ትከሻውን ሰብሮ የሚቆመው የአገሬ ወፍ! ቄራ በር ላይ ተሰልፎ ሲቆም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እዚህ ሳገኘው ግን «እንዴት ከረምክ፣ አገር ሰላም ነው?» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ፎቶ አነሣሁና ለኡስታዝ ላክሁለት። ለሰውዬው ደስታ ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን «ያየሁት እኔ ነኝ» ለማለት ነው።

ስልኬን ኪሴ ሳልከት ደወለ።

«አቡ ሰዕን ነው! ወላሂ አቡ ሰዕን ነው! ሎኬሽን ላክልኝ!»

ሰዕን የውሃ አቁማዳ ነው አሉ። ዐረቡም እኛም ያንኑ አንገቱን አይተን ነው ስም ያወጣንለት። በዚህ እየተደነቅሁ ሎኬሽኑን ላክሁ።

ሰዒድ ከቲማቲሙ ሲመለስ በኩራት ነገርኩት። ፊቱ ልውጥ አለ።

«ለማን ነገርክ?» አለኝ።

«ለኡስታዝ ብቻ።»

«ኡስታዝስ ለማን ነገረ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው፤ ከስልክ የወጣውንማ አፋፍም አያቆመው። ለኡስታዝ ስደውል እየሳቀ አበሠረኝ። ለወፍ ወዳጆቹ ሁሉ አድርሷል። ከጅዳም ከሪያድም ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ቅርብ ካለችው ከአብሃ ደግሞ አንድ መኮንን ጓደኛው መንገድ ጀምሯል።

«የምን መኮንን?» አልኩት።

«የፖሊስ ነዋ! ግን ወፍ ሲወድ ብታየው!»

ስልኩን ዘጋሁ። ሰዒድ ጎህ ሲቀድ ወደ ጎረቤት እርሻ እንዲሻገር ተማከርን። ምን ዋጋ አለው? የወፍ ሰዎች ከወፍ ቀድመው ነው የሚነሡት። ገና ጫማውን ሲያስር ያ ረጅም ጆሮው ሰማ፤ አንድ መኪና አይደለም፣ ብዙ። በአንድ እግሩ ጫማ ሮጠ።

መኪኖቹ ተደርድረው ቆሙ። አፈር የመሰለ ልብስ የለበሱ፣ ባርኔጣ ያጠለቁ፣ መድፍ የሚያህል ካሜራ የተሸከሙ ሰዎች ወረዱ። ለወፍ መምጣታቸውን ባላውቅ እኔም፣ ባለ ኢቃማው፣ እሮጥ ነበር። አባ ኮዳም ደነገጠና ከጉድጓዱ ተነሣ። አንዴ ዞረ፤ ሁለቴ ዞረና ካጨድነው የማሽላ አገዳ ክምር አጠገብ አረፈ። ሰዒድ ሮጦ የተደበቀው ከዚያ ክምር ሥር ነው።

ካሜራው ሁሉ ወደዚያ ዞረ።

ኡስታዝ እጄን ጨብጦ ሲያመሰግነኝ እኔ ከአገዳው የሚወጣ ሸሚዝ ነው የማየው። ወዲያው አንዱ ጎልማሳ «ከክምሩ ኋላ የሚነቃነቅ ነገር አለ» አለ።

«ፍየል ነው» አልኩ ሳላስበው።

«ሰማያዊ ፍየል?»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። ጎልማሳው ቀረብ ብዬ ልይ ብሎ እግሩን ሲያነሣ፣ ሪዙ የሸበተ ረጅም ሰው ዓይኑን ከመነጽሩ ላይ ሳያነሣ ተናገረ። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ! አንድ እርምጃ የሄደ ወፉን ያበረዋል፤ ኋላ እንዳንጣላ» አለ። መኮንኑ እሱ ነበር።

ሁሉም ባለበት ደረቀ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። የጂዛን ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። አባ ኮዳ በአንድ እግሩ ቆሞ አንቀላፋ። ይብረር ብዬ እጸልያለሁ፤ ቢበር ሰዎቹ ወደ ክምሩ እንደሚሄዱ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አይብረር ብዬ እጸልያለሁ። እግዚአብሔርም የቱን እንደሚሰማ ግራ ሳይገባው አልቀረም።

በመጨረሻ ወፉ ክንፉን ዘርግቶ ወደ ባሕሩ በረረ። «ያላ! ያላ!» ተባባሉና ክምሩን ዞር ብሎ ያየ ሳይኖር መኪኖቹ ተከተሉት። መኮንኑ ግን ቀረ። መነጽሩን ቀስ ብሎ አጠፈና ከመኪናው ቀዝቃዛ ውሃ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ለፍየልህ» አለኝ። «ዛሬ ዕረፍት ላይ ነኝ። እሑድ ሥራ እገባለሁ። ገባህ?»

ገባኝ።

ሰዒድ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ውሃውን ጨልጦ እስኪናገር ስድቡን ጠበቅሁ፤ ይገባኛልና። «አንተ ሰው» አለኝ፣ «ሁለተኛ ወፍ እንዳታይ።» ቅዳሜ ዕቃውን በፌስታል ቋጥሮ ደርብ ወደምትባል ከተማ ሄደ። እዚያ የሚያውቀው ሰው እርሻ ላይ ሥራ አገኘ። እኔ ብቻዬን ባሚያ ስለቅም በሰማሁት መኪና ሁሉ ቀና ማለት ጀመርኩ።

ከሳምንት በኋላ ኡስታዝ ከፍቶት መጣ። ለካ የወፍ ሰዎችም ሽማግሌዎች አሏቸው። ወፉ ከሰው ግቢ ያመለጠ ከሆነ በመዝገባቸው አይገባም። የኔ የስልክ ፎቶ እግሩን አያሳይም፤ በነሱ ፎቶ ሁሉ ደግሞ እግሩን ገለባ ሸፍኖታል። «እግሩ ላይ ያየኸው ነገር አለ?» አለኝ። አስቤ ልንገርህ ብዬው ለሰዒድ ደወልኩ።

«አይቻለሁ» አለኝ ሰዒድ። «የብረት ቀለበት አለው። በዐረብኛ የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሌላ ምን የማነበው ነበረኝ?»

«ባለቤት አለው ማለት ነው?»

«አለው። ጠፍቶ ነው።»

«ለኡስታዝ ልንገረው?»

«ደውለው ለባለቤቱ ይሰጡታላ» አለኝ።

ለኡስታዝ፣ ከሁሉም ቀድሜ በቅርብ ያየሁት እኔ መሆኔንና እግሩ ባዶ እንደነበር ነገርኩት። አቅፎ ሳመኝ። መዝገቡ ላይም «ነፃ፤ ማንም ሳያመጣው በገዛ ክንፉ የገባ» ተብሎ ተጻፈ፤ ምስክር ተብሎ የኔ ስም ከሥሩ ገባ።

ይህን ለሰዒድ ስነግረው ከሄደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ «እንግዲያው» አለኝ፣ «እኔም የተያዝኩ ለት እንዲሁ ብለህ መስክርልኝ።»