ሰባት ዕቅድና አንድ ቦቴ

እኛ ጁባ ያለን ሐበሾች በዓመት ሁለት አዲስ ዓመት አለን። አንዱ የመስከረሙ፣ ሌላው የጃንዋሪው። ክፋት የለውም። የመስከረሙን ዕቅድ ጥቅምት ላይ ያፈረሰ ሰው ትንሽ ታግሶ በጃንዋሪ እንደገና ማቀድ ይችላል። እኔ በዚህ ዕድል መጠቀም ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አሥራ ስምንት ጊዜ አቅጃለሁ ማለት ነው። ውጤቱን ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ሥራዬ ፍሪጅ ጥገና ነው፤ ሀይ ጀላባ የሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቤቴ ጉዴሌ ነው። ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር የምናመልከውም እዚያው ጉዴሌ፣ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ በሆነች አዳራሽ ውስጥ ነው። በዲሴምበር ሙቀት እዚያ ውስጥ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ስለ ገሃነም ስብከት አያስፈልገውም።

ፓስተራችን አንድ ልማድ አላቸው። በዲሴምበር የመጨረሻ እሑድ፣ ከስብከቱ በኋላ፣ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ወረቀት ያድላሉ። ከላይ ያለፈውን ዓመት በጌታ ፊት መርምረን እንጽፋለን፤ ከታች ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ያሰብነውን። ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ አስቀምጠን ዓመቱን ሙሉ እንጸልይበታለን። ዓመቱ ሲያልቅ አውጥተን እናየዋለን። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መጻፉማ ምን ያስቸግራል?

ያለፈው ጊዜ ሰባት ዕቅድ ጻፍኩ። ሰባት የፍጹምነት ቁጥር ነው ብዬ ነው። ሁሉንም አልዘረዝርላችሁም፤ ዋና ዋናዎቹ ይበቃሉ። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ። ሁልጊዜ ንጋት ላይ ተነስቶ መጸለይ። ደንበኛ ላይ አለመቆጣት። በየወሩ አንድ የታመመ ሰው መጠየቅ። ሰውን ሁሉ መውደድ።

ንባቡ ጥሩ ጀመረ። ፍጥረቱን፣ የጥፋት ውሃውን፣ ከግብፅ መውጣቱን እንደ ተከታታይ ድራማ ነው ያነበብኩት። ከዚያ የመሥዋዕቱ በግ ስብና ኩላሊት የሚዘረዘርበት ጋ ደረስኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምቆመው እዚያው ኩላሊቱ ጋ ነው። የንጋቱ ጸሎትም እንዲሁ። በጁባ ሙቀት ሰውን እንቅልፍ የሚወስደው ንጋት ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ተንበርክኬ እጀምራለሁ፤ አስቴር ቁርስ ልታቀርብ ስትመጣ እንደተንበረከኩ ታገኘኛለች። ላየው ሰው ረጅም ጸሎት ይመስላል። የሚያንኮራፋ ጸሎት ግን የት አለ?

ደንበኛ ላይ አለመቆጣቱ ሁለት ሳምንት ቆየ። በእኛ ሙያ በጣም የምንጠቀምባት ቃል "ቡክራ" ናት፤ በጁባ ዓረብኛ ነገ ማለት ነው። ፍሪጁ መቼ ይደርሳል? ቡክራ። አንዲት ሥጋ ሻጭ ለአምስተኛ ጊዜ ቡክራ ስላት "ከዳብ" አለችኝ፤ ውሸታም ማለቷ ነው። ተቆጣሁ። የተቆጣሁት እውነቷን ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ "ሰውን ሁሉ መውደድ" ልምጣ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። "ሰውን ሁሉ" ብዬ ስጽፍ ታደሰን ሳይጨምር መሆኑን እኔም ጌታም እናውቃለን።

ታደሰ ማለት የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው። በሳምንቱ ቀናት ከወንዙ ማጣሪያ ውሃ እየሞላ በየሰፈሩ ያድላል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የአዳራሻችንን ድምፅ ማጉያ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። አንዳንድ ሰው ዝም ሲል ጨዋ ይመስላል። ለእኔ ግን ታደሰ ዝም ሲል የናቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ያጣላን ነገር እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ እሑድ ምስክርነት ልሰጥ መድረክ ወጣሁ። በቤታችን ስላለፍንበት ሐዘንና ጌታ እንዴት እንዳጽናናን ነበር የማወራው። መንፈሱ ነካኝ፤ ሕዝቡም አሜን ይላል። ልክ ዋናው ነገር ላይ ስደርስ ማይኩ ሞተ። ቀና ስል ታደሰ እጁ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነው። መብራት አልጠፋም፤ ጄኔሬተሩ ይጮኻል፤ አምፖሉም በርቷል። የዘጋኝ እሱ ነው። ወዲያው ለዘማሪዎቹ ምልክት ሰጠና መዝሙሩ ተጀመረ። እኔ እንደ ተቆረጠ ስልክ መድረኩ ላይ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ታደሰን ሳገኘው "ጌታ ይባርክህ" እለዋለሁ፤ እሱም "አሜን፣ አንተንም" ይለኛል። በቃ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲያ ሆንን። አንዴ ብቻ ከወራት በኋላ አዳራሹ በር ላይ ጠብቆ "ወንድም ብርሃኑ፣ ስለዚያ ቀን አንድ ነገር ብነግርህ" ብሎ ጀምሮ ነበር። ጌታ ይባርክህ ብዬው አለፍኩ። የሰማን ሰው ፍቅራችን ያስቀናው ይሆናል። በጴንጤ ቤት መኮራረፍ እንዴት ያለ ጥበብ መሰላችሁ? በረከት እየተመራረቁ ነው።

እንግዲህ ዓመቱ እንዲህ እያለ ኦገስት ደረሰ። ጉዴሌን በክረምት የማያውቅ ሰው ጭቃ አውቃለሁ ባይል ጥሩ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። እኔ ደግሞ ታይፎይድና ወባ ተባብረው ጣሉኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስቴር ስታነጋግረኝ የምመልስላት ነገር አልተያያዘላትም አሉ። እኔ ስለ ፍሪጅ ጋዝ እያወራኋት ነበር።

ራክሻ ብትጠራ፣ ባለሦስት እግሮቹ ማለቴ ነው፣ ዋናው መንገድ ላይ ቆመው አንገባም አሉ። ሞተረኞቹም እምቢ አሉ። ጎረቤት ያለው መኪና ከግቢው በር ሳይወጣ ተቀበረ። በመጨረሻ አስቴር ስልኳን አንስታ ታደሰ ጋ ደወለች። እኔን አላማከረችኝም። ባታማክረኝም ደግ አደረገች።

ታደሰ ቦቴውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ለሥራ የወጣ ሰዓት ነበር። የሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ሲደርስ መኪናው በክብደቱ መስመጥ ጀመረ። ምን አደረገ መሰላችሁ? ወረደና የቦቴውን ቧንቧ ከፍቶ ውሃውን መንገዱ ላይ ለቀቀው። ጁባ ውስጥ የተጣራ ውሃ መንገድ ላይ መድፋት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቃል። ሴቶቹ በዚያ ዝናብ ጀሪካን ይዘው ሮጡ አሉ። ባዶውን ቦቴ እያንፏቀቀ በራችን ድረስ አመጣው።

እኔ በትኩሳት ውስጥ ሆኜ ማን እንደመጣ አወቅሁ። ኩራት ደግሞ ታይፎይድ አይዘውም። በእሱ መኪናማ አልሄድም አልኩ። አስቴር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ያን ቀን ግን የቦቴውን በር ከፍታ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች "ግባ" አለችኝ። ታደሰ እንደ ሕፃን አቅፎ አስገባኝ። በውሃ ቦቴ ክሊኒክ የገባሁ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም፤ ዘበኛው ውሃ ያዘዘ የለም ብሎ ሊመልሰን ነበር።

አምስት ቀን ግሉኮስ ተሰቅሎልኝ ተኛሁ። ታደሰ በየቀኑ ከሥራ መልስ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ይመጣል። ጭቃ የያዘ ቦት ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በካልሲው ገብቶ፣ የፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ይቀመጣል። ብርቱካን ይልጥልኛል። አያወራም። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ጸልዮልኝ ይሄዳል።

ይህ ነገር በጣም ከበደኝ። ሰው የሚጠላውን ሰው ብርቱካን እየበላ እንዴት ይጠላል? በአራተኛው ቀን አልቻልኩም።

"ታደሰ" አልኩት። ወንድም ሳልል በስሙ ብቻ ስጠራው ከዚያ እሑድ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። "ያን ቀን ማይኩን ለምን ዘጋህብኝ?"

መላጡን አላቆመም። ልጣጩን ሳይበጥስ ዞሮ ጨረሰው። ከዚያ "አስቴርን እያየኋት ነበር" አለኝ።

"ምን ሆና?"

"አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ስለነበር አላየሃትም። ነጠላዋን በሁለት እጇ አፏ ላይ ይዛ ነበር። ከዚያ በላይ ብታወራ የምትሞት መሰለኝ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ዘጋሁት።"

እዚህ ላይ እናንተንም አንድ ነገር ደብቄያችኋለሁ። በቤታችን ያለፍንበት ሐዘን ብዬ አለፍኩት አይደል? ሐዘኑ ልጅ ነው፤ ሳይወለድ ያጣነው። ይህን ያህሉን እንድናገር አስቴር ራሷ ፈቅዳልኛለች። እኔ ግን ያን እሑድ ያወራሁት ይህን ያህሉን ብቻ አልነበረም። በዚያ ሰሞን በሯን ዘግታ፣ ለእኔ ብቻ፣ እያለቀሰች ያለችውን ሁሉ በማይክ እየተናገርኩ ነበር። ለጌታ ክብር ብዬ። ምን እንዳለች ለእናንተ አልነግራችሁም። ይህን ያህል እንኳ ተምሬያለሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ አስቴርን ይዣት አፋፉ ላይ ደርሼ ነበር፤ ታደሰ ነው የያዘን። እኔ ደግሞ የያዘንን ሰው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አኮረፍኩት። ታደሰ የብርቱካኑን ፍሬ ፈልቅቆ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ይቅር በለኝ ስለው ብላ አለኝ። በልቼ አለቀስኩ፣ ወይም አልቅሼ በላሁ።

እሱ ሲወጣ አስቴር አጥሚት ይዛ መጣች። ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚጀመር ስለጠፋኝ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ታደሰ ያለውን፣ ዓይኔን መጨፈኔን፣ ያን ጊዜ ያደረግኩባትን። አጥሚቱን እያማሰለች ሰማችኝ።

"ይቅር ያልኩህ የዚያኑ ዕለት ነው" አለችኝ። "ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ታደሰን ስታኮርፈው ሳይህ፣ ይቅርታውን እንደ አዲስ ነበር የምጀምረው።"

ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

"ምስክርነት ታደርገዋለህ ብዬ ፈራሁ" አለችኝ።

ሳቋን ለማፈን ሞክራ ነበር፤ አልቻለችም። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጎኔን እንደ ወጋኝ አልዋሻችሁም። በኋላ እጄን ይዛ ትንሽ አለቀሰች። ስለዚያ ልጅ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነበር። ለካ እስከዚያ ድረስ ያጽናናኋት መስሎኝ የሰበክኩት ሕዝብን ነው።

ዳንኩ። ዓመቱም እንዳመጣጡ ሮጠና ዲሴምበር ደረሰ። የመጨረሻው እሑድ ፓስተራችን የአምናውን ወረቀት አውጡ አሉን። እኔ፣ አስቴርና ታደሰ አንድ አግዳሚ ላይ ነበርን፤ አሁን ድምፅ ማጉያውን አስተካክሎ ሲጨርስ መጥቶ ከእኛ ጋር ነው የሚቀመጠው።

ወረቀቴን ዘረጋሁ። ሰባት ዕቅድ፣ በሚያምር ጽሕፈት። ንባቡ ኩላሊቱ ጋ። ጸሎቱ እንቅልፍ። ቁጣው እንደነበረ። የታመመ መጠየቁ? ጠያቂ ሳልሆን ተጠያቂ ሆኜ አለፈ። አንዱንም አልፈጸምኩም። ፓስተራችን ደግሞ በዚያች ደቂቃ በዓመቱ የፈጸማችሁትን አስባችሁ አመስግኑ ይላሉ። አንገቴን ደፋሁ።

ይህን ጊዜ ታደሰ የራሱን ወረቀት በአስቴር ፊት አሳልፎ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። አንዲት መስመር ብቻ ናት፦ "ከወንድም ብርሃኑ ጋር ሳልፈራ መነጋገር።" ከላይ፣ ያለፈው ዓመት በሚመረመርበት ቦታ፣ አምናም ይህንኑ ጽፌ አልቻልኩም ይላል። አስቴር አየችንና የእሷን ከመጽሐፍ ቅዱሷ አውጥታ ከጎኑ አደረገችው። ከአራቱ የእሷ ዕቅዶች ሁለተኛው "ብርሃኑና ታደሰ እንዲታረቁ" የሚል ነው።

ሁለቱንም ወረቀቶች ይዤ ቁጭ አልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ ለመሳደብ። እኔ ግን የራሴ ሰባቱ አርረው፣ ሳላውቀው የሁለት ሰው ድስት አብስዬ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕቅድ አውጪ ነኝ ስል፣ ለካ እኔ ራሴ የሰው ዕቅድ ነበርኩ። እግዚአብሔር የሚሠራው እኛ በጻፍነው ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው ማነው?

አዲሱ ወረቀት ታደለ። ብዕሬን አወጣሁ፤ ምንም አልመጣልኝም። ድክመቴን ከእኔ ይልቅ የምታውቀው አጠገቤ ተቀምጣ የለ? ወረቀቱን ለአስቴር ሰጠኋትና የእኔን አንቺ ጻፊልኝ አልኳት። በሆዴ፣ ሁለት ሦስት ነገር ትጽፍና ትመልስልኛለች ብዬ ነበር።

መጻፍ ጀመረች። ታደሰ ሊያይ አንገቱን አስግጎ ነበር፤ ዓይኑን ሰበረና ጣሪያውን ያይ ጀመር። ፓስተራችን የማሳረጊያ ጸሎት ጀምረው ጨረሱ፤ አስቴር ትጽፋለች። ሕዝቡ ወንበር ማንሳት ጀመረ፤ አስቴር ወረቀቱን ገለበጠች። ከዚያ በትሕትና እጇን አነሳችና "ፓስተር፣ ሌላ ወረቀት ይኖራል?" አለች።