ጽዋ የገባበት ቤት

በዚህ ዓለም የማያልቅ ነገር የለም። የስልክ ጥቅል ያልቃል፤ ትሞላላችሁ። መታወቂያ ጊዜው ያልፋል፤ ተሰልፋችሁ ታሳድሳላችሁ። ጨው ሲያልቅ ጎረቤት አለ። የቤት ኪራይ ውል ግን አመሉ ለብቻ ነው፤ ሲያልቅ የሚያራዝመው እናንተ ሳትሆኑ አከራያችሁ ነው። አከራይ ደግሞ እንደ ክረምት ሰማይ ነው፤ ልብስ ለማስጣት እንኳ በጠዋት ፊቱን አይታችሁ ነው። እኔ ለምሳሌ፣ አከራያችን ሲያስነጥሱ ከላይ ሆኜ «ይማርዎ» ለማለት ማንም ቀድሞኝ አያውቅም።

እዚህ ላሊበላ ሞባይል እጠግናለሁ። የምንኖረው ከአብያተ ክርስቲያናቱ እምብዛም በማይርቅ አንድ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ እናኑና እናቷ እማሆይ። የአማቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ጉልበታቸውም ከጎረቤት ቤት ወዲያ አያሻግራቸውም። ግን በረንዳ አለን። ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን ተከናንበው እዚያ ይቀመጣሉ፤ ቅዳሴው ከታች ከዋሻው ቤተ ክርስቲያን ተነስቶ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል። ካህኑ ሲሳሳት እንኳ ያውቃሉ ይባላል። ያንን ቤት የወደድነው ለሌላ ለምንም አይደለም፤ ውሃው አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል፤ ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው።

ምድር ቤቱ የአከራያችን የአያ ፈንታው ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ መጥላቱ በቀለለኝ። የመስቀል ሰሞን ግን አንድ ሐሳብ ገባባቸው፦ ለገና ጎብኚ ሲጎርፍ ከላይም ከታችም አከራይቼ ልጠቀም አሉ። ውላችን የሚያልቀው በኅዳር መጨረሻ ስለነበር፣ ኅዳር ሲወጣ ቤቱን እንድንለቅ በትሕትና ነገሩን። በትሕትና መባረር ከሁሉ ይከፋል፤ የምትጣሉበት አታገኙም።

ቤት ፈለግን። ያገኘነው ሁሉ ከተማው ዳር፣ በቅዳሴ ፋንታ የወፍጮ ድምፅ የሚሰማበት ነው። እናኑ እናቷን ከዚያ በረንዳ ማንሳት ስታስብ እንቅልፍ አጣች። እኔም ፈራሁ፤ እማሆይ እዚያ ወፍጮ አጠገብ ከርመው የሚተርፉ አልመሰለኝም። በመጨረሻ የማኅበራችንን ቄስ መምሬ ካሳን ሽምግልና ላክሁ። አያ ፈንታው ቆመው ሰሟቸው፣ መስቀል ተሳለሙና መለሱ፦

«መምሬ፣ ውል እኮ እንደ ጾም ነው። መፍቻው ከደረሰ ደረሰ።»

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ተመለሱ። ቄስን በጾም ምሳሌ መርታት ግፍ ነው።

ማኅበራችን የሚካኤል ማኅበር ነው፤ አያ ፈንታውም አባል ናቸው። ሥርዓቱን የማታውቁ ካላችሁ፦ ወር በገባ ቁጥር አንዱ በቤቱ ይደግሳል፤ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ሲያበቃ ተረኛው ጽዋውን ይቀበልና አባላቱ እየዘመሩ እቤቱ ድረስ ያስገቡለታል። የገባ ጽዋ የሚቀጥለው ሚካኤል ደርሶ ካልተደገሰበት ከዚያ ቤት ንቅንቅ አይልም። ይህን የማያውቅ የላስታ ሰው የለም። አያ ፈንታውም ያውቁታል፤ የዚያን ዕለት ግን ረሱት።

የዚያን ዕለት፣ የኅዳር ሚካኤል፣ የተደገሰው ጎረቤት ነበርና እማሆይን ደግፈን ወሰድናቸው። ጽዋው ሊነሳ ሲል ተራው የአያ ፈንታው ሆነ። እሳቸው ደግሞ ለገና እንግዳ ብለው ምድር ቤታቸውን ወለል እያስደረጉ ነው። «ቤቴ ሲሚንቶ ነው፤ አልደረቀም። ለዚህ ወር ተራዬን አንድ ሰው ይውሰድልኝ» ብለው ለመኑ። ከጥግ የእማሆይ ድምፅ ተሰማ፦

«ለኛ ስጡን። ሚካኤል ደረጃ አይከብደውም።»

አያ ፈንታው ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ጽዋውን በገዛ እጃቸው ተሸክመው፣ ከፊት እየመሩ፣ እያሸበሸቡ ያንን ቀጥ ያለ ደረጃ ወጡ። በገዛ እጃቸውም ከእማሆይ ራስጌ አስቀመጡት። ቀና ሲሉ መምሬ ካሳ ፈገግ ብለው ያዩዋቸዋል። ነገሩ ያኔ ገባቸው፤ ኅዳር ሲወጣ ባዶ ሊያደርጉት ባሰቡት ቤት እስከ ታኅሣሥ ሚካኤል የማይነሳ እንግዳ አስገብተዋል። ጠላ ቀዳሁላቸው፤ ጠጡ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

የታኅሣሥ ሚካኤል እኛ ቤት ተደገሰ። ጽዋው ሊነሳ ሲል ተረኛው ሚስቱን እንዳመማት ተናገረ፤ የሱ ተከታይ የጣራውን ማፍሰስ አነሳ። በታኅሣሥ፣ ዝናብ በሌለበት! እናኑ ሣቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ጽዋው እኛው ዘንድ ከረመ። አያ ፈንታው ግን አኮረፉ። ሰላምታቸው አጠረ፤ እኔም ማስነጠሳቸውን እየሰማሁ ዝም ማለት ጀመርኩ።

ገና ደረሰ። የአያ ፈንታው ወለል ደርቆ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ ተከራይ ሲጠበቅ በዋዜማው አንድ የጭነት መኪና በጋሸና በኩል መጥቶ ቆመ። ከላዩ የወረዱት ከወገል ጤና የመጡ የአያ ፈንታው ዘመዶች ናቸው፤ አክስት፣ የአክስት ልጆች፣ የአክስት ጎረቤቶች። የዚህ አገር ሰው የተሳላሚ እግር ያጥባል እንጂ ኪራይ አይጠይቅም፤ ዘመድ ሲሆን ደግሞ የማይታሰብ ነው። አያ ፈንታው እግር አጠቡ፣ አልጋቸውን ለቀቁ፣ ምንጣፋቸውን ለቀቁ። ሲመሽ ጋቢያቸውን በክንዳቸው ይዘው በራችንን አንኳኩ። «እንዴው አንድ ጥግ ካላችሁ» አሉ። አከራያችን በገዛ ቤታቸው እኛ ዘንድ ተጠጉ።

ሌሊቱን ያሳለፉት በረንዳ ላይ ከእማሆይ ጎን ነው። ካህናቱ በዋሻው አፋፍ ቆመው ሲያሸበሽቡ፣ እማሆይ ማን እንደሚመራ በድምፁ እየለዩ ይነግሯቸዋል። ቤቱን ሲሠሩ ያንን በረንዳ ያወጡት ልብስ ማስጫ እንዲሆን ነበርና፣ እዚያ ተቀምጠው አድረው አያውቁም። ሲነጋ ዓይናቸው ቀልቶ አየሁት። ከእንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ የፊት መታጠቢያ ውሃ ቀዳሁላቸው።

የጥር ሚካኤል መጣ። የዚያን ቀን ፈራሁ፤ ማኅበርተኛው በሰበብ እስከ መቼ ይዋሽልናል? ጽዋው ሊነሳ ሲል አንዲት ደግ ሴት፣ ድግሷን ጠንስሳ ተዘጋጅታ የመጣች፣ እጇን ዘረጋች። ጽዋው ከወጣ እኛም መውጣታችን ነው። እናኑ መሬት መሬት አየች። እማሆይ ግን በረንዳቸውን የሚሰናበቱ ይመስል ፊታቸውን ወደዚያው አዙረው ነበር። ይሄኔ አያ ፈንታው ተነሱ።

«ቆይ» አሏት። «ከኅዳር ያደረ ተራ አለብኝ። እኔ እቀድማለሁ።»

ሴትዮዋ እጇን ሰበሰበች። መምሬ ጽዋውን ወደሳቸው አቀረቡ። ምድር ቤት ሊያወርዱት ነው ብዬ ከበሩ ገለል አልኩ። አያ ፈንታው ጽዋውን አዩት፣ እማሆይን አዩ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን ያደርጋል» አሉ፤ «ሲሚንቶው አልደረቀም። እዚሁ ይቆይልኝ።»

የሣቀ የለም። መምሬ ብቻ «ሲሚንቶ ጊዜ ይፈልጋል» ብለው ባረኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ውል ተነጋግረን አናውቅም። ወረቀቱ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ጊዜው እንዳለፈ ተቀምጧል። በየወሩ እንደግሳለን፤ የእናኑ የጠላ ጋን ፋታ አላገኘም፤ ያቺ ደግ ሴት ድፍድፏን ይዛ መጥታ ከኛው ጋር ትጠምቃለች። ሐሜትም አለ፤ ማኅበሩን ጠቅልለው ያዙት ይሉናል። ወር በመጣ ቁጥር አያ ፈንታው ወለላቸውን ተራምደው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ ጽዋው ሊነሳ ሲል ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። የላስታ ፀሐይ ይህን ሁሉ ወር ወጥታ ያንን ሲሚንቶ ማድረቅ አቅቷታል። እኛም አንቸኩልም።