ከውሃ የተሠራ በር

በር ሲባል እናንተ ምን እንደምታስቡ አላውቅም። እኔ የማውቀው የበረቱን የእሾህ መዝጊያ፣ የቤቴን የዋንዛ ሳንቃና የገዛ አፌን ነው። ሦስቱንም ዘግቼ መዋል እወዳለሁ፤ በተለይ ሦስተኛውን። አባቴ «ዝም አይነቅዝም» ይል ነበር። እኔም ማሽላውን በጎተራ፣ ቃሌን በሆዴ አስቀምጬ ይኸው ሸበትኩ። ማሽላው ነቅዞብኝ ያውቃል።

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለችው መንደራችን አንዲት ምንጭ አላት። ሰው ከአናቷ ይቀዳል፣ ከብት ዝቅ ብሎ ከገንዳው ይጠጣል። የጎረቤቴ የሰይድ ላም አንድ ቀን ከዚያ ገንዳ ጠጥታ፣ በረት ሳትደርስ ከነጽንሷ ወደቀች። ሰይድ ደግሞ ያን ሰሞን ከእንድሪስ ጋር በድንበር ተጣልቶ ነበር። የተጣላ ሰው እያለ ሌላ ምን ይፈለጋል? ከጁምዓ በኋላ ሾላው ሥር አውጫጭ ተቀመጥን፤ ያየ የሰማ እንዲናገር አንድ በአንድ ማልን። እኔም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብዬ ማልኩ። እንድሪስም «እጄ የለበትም» ብሎ ማለ፤ የእሱን ግን ማን ሰማው? ከቅሬ አስወጣነው። ቅሬ ለማታውቁ፣ ሲሞትባችሁ መቃብር የሚቆፍርላችሁ መንደር ማለት ነው።

በወሩ የእንድሪስ እናት ሞተች። ማንም አልሄደም። እንድሪስና ወንድሙ ቃሬዛውን ለሁለት ተሸክመው፣ በየጥቂት እርምጃው እያሳረፉ ሲያልፉ ከሽንኩርት ማሳዬ ሆኜ አየኋቸው። አካፋዬ እጄ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ልጄ ሐያት ለእረፍት የመጣችው። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትማራለች። የላሟን ወሬ ሰማችና ከቦርሳዋ የጥፍር ያህል ስስ ነገር አወጣች።

«ወንፊት ነው አባ።»

«ቀዳዳው የታለ?»

«ዓይን አያየውም። ቀዳዳዎቹን ፈሳሽ ሞልቷቸዋል፤ በሩ ፈሳሹ ነው። ከሥር በአየር ስገፋው እስከ አቅሙ ይይዛል። ከላይ የማንጠባጥብበት ውሃ ኬሚካል ካለበት ግን በሩ ይላላል፣ አየሩ ያልፋል።»

«ዘበኛ ነዋ።»

«ያውም ጉቦ የማይበላ። እንዲህ ያለው ዘይትን ከውሃ የሚለይም አለ፤ የዚህኛው ሥራ መናገር ብቻ ነው።»

«እንግዲያ የኛ ዘመድ አይደለም» አልኳት።

ከምንጩ አናት የቀዳችውን አንጠባጠበችበት፤ በሩ ያዘ። ከገንዳው የቀዳችውን አንጠባጠበችበት፤ አረፋ ብቅ አለ።

«አባ፣ የመድኃኒት መርጫህን የት ነው የምታጥበው?»

የማጥበው ከገንዳው ከፍ ብላ ካለችው ድንጋይ ላይ ነው። ሰው ከሚቀዳበት ይራቅ ብዬ ነው። ደግሞም ወራጅ ውሃ አይነጀስም፣ አይረክስም ብለው ሸኹ በልጅነታችን አስተምረውናል። እሳቸው የተናገሩት ስለ ውዱእ፣ ስለ ሶላት ትጥበት ነበር፤ ስለ ተባይ መድኃኒት ማን ጠየቃቸው? ትናንት አጥቤ ነበር። ላሟ በወደቀችበት ቀን ጧትም አጥቤ ነበር።

«ዝም በይ» አልኳት።

«እኔ ዝም እላለሁ አባ። አንተስ?»

በጁምዓው ሾላው ሥር ተነሥቼ ተናገርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ረጅም ንግግር አድርጌ አላውቅም፤ አራት ዐረፍተ ነገር ይሆናል።

«አያ ሙሄ፣ አንተ?» አለ ሰይድ። «ስትምል አጠገብህ አልነበርኩም?»

በላሙ ፈንታ ጊደሬን ሰጠሁት። ሽማግሌዎቹ እንድሪስን ወደ ቅሬው መለሱና «ላንተስ ምን ይካስልህ?» አሉት።

«እናቴን እንደገና ቅበሩልኝ» አለ።

አሁን መርጫዬን ከውሃው ርቄ፣ ማሳዬ መሐል አጥባለሁ። የሐያት ወንፊት ከገንዳው ውሃ ጋር ታርቋል፤ አረፋ የለም። በቀደም ሰው ሞቶብን መቃብር ስንቆፍር ከእንድሪስ ጋር አንድ ላይ ተራ ደረሰን፤ እሱ ይቆፍራል፣ እኔ አፈሩን አወጣለሁ። ሰላምታዬን በአንገቱ መለሰ፤ ሌላ የለም። አባቴ እውነቱን ነው። የእንድሪስ ዝምታ እስከ ዛሬ አንድ ፍሬ አልነቀዘም።