አቶ ሽጉጤ ጠላ ያመሰገኑ ዕለት

ሦስት ኢትዮጵያውያን በተሰበሰቡበት ሁሉ አራተኛው ቀማሽ ነው። ማን ጠራው እንዳትሉ፤ ቀማሽ አይጠራም፣ ይመጣል። ዐይኑን ይጨፍናል፣ ጉንጩን ይሞላል፣ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቀው ቀስ ብሎ ይውጣል፣ ከዚያ ይፈርዳል። ራሱ ውሃ አፍልቶ አያውቅም። ነገ ሰው ጨረቃ ላይ ቢሰፍርና አንዲት ሴት ድስት ብትጥድ፣ ወጡ ሳይበስል ቀማሹ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል ታገኙታላችሁ።

የጆሀንስበርጉ ቀማሽ ክቡር አቶ ሽጉጤ ይባላሉ። ሳምንቱን ሙሉ ጻካኔ በምትባል የከተማ ዳር ሰፈር፣ ስፓዛ ከሚሏት ትንሽ ሱቃቸው የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመው ዳቦና የስልክ ኤርታይም ይሸጣሉ። ቅዳሜ ሲደርስ ሱቁን ለሸሪካቸው ለተማም ይተዉና ካፖርታቸውን ደርበው፣ ታክሲ ተሳፍረው ወደ ከተማ ይገባሉ። መሀል ከተማ ጂፒ መንገድ ላይ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ፎቅ ላይ፣ የደስታነሽ ምግብ ቤት አለ። መስኮቱ አጠገብ ያለችው ወንበር በሕግ ባይሆንም በልማድ የእሳቸው ናት።

ፍርዳቸው አንድ ነው። «ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል።» ምን ጎደለው ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጭንቅላታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። «እሱን እንድለይ እስቲ ይደገመኝ።»

ይደገማል፤ ምን ይደረጋል? አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሄደው ንፍሮውን ዘግነው ይቺኑ ቃል ጣል ቢያደርጉ፣ የሟች እህት ለቅሶዋን አቋርጣ «ጨው ነው?» ብላ ጠየቀች። ሌላ ጊዜ ደግሞ የደስታነሽ ወንድም ጌዴዎን፣ ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ከለስላሳ በላይ የማይጠጣው፣ ነፍሳቸውን ላድን ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዳቸው። ሰባኪው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰበከ። ሲወጡ ጌዴዎን በጉጉት «እንዴት ነበር ጋሽ ሽጉጤ?» አላቸው። መልሱን ታውቁታላችሁ። እንዲደገምላቸው ግን አልጠየቁም።

ደስታነሽ ሌላውን ሁሉ ትችለዋለች። ሽሮዋ ጎደለው? ይጉደለው። የማትችለው በጠላዋ ሲመጡባት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሐምሌ ላይ፣ ያ ዝናብ የሌለው የጆሀንስበርግ ክረምት አጥንት ሰርስሮ ሲገባ፣ ጠቆር ያለ ጉልበተኛ ጠላ ትጠምቃለች፤ ሁለተኛውን ጣሳ የጨረሰ ሰው ካፖርቱን ረስቶ የሚሄድበት ዓይነት። ጌሾው ከአገር ቤት በመንገደኛ ይመጣል። ብቅሉን የዙሉ እናቶች የራሳቸውን መጠጥ ከሚጠምቁበት የማሽላ ብቅል ትገዛለች። በእድሩ ዓመታዊ ስብሰባ የሚጠጣው ይኸው ጠላ ነው፤ ሰው ከቴምቢሳ ድረስ የሚመጣው ለስብሰባው እንዳይመስላችሁ።

ችግሩ እሷ አትቀምሰውም። ሐኪም ለጨጓራዋ ሲል ከልክሏታል። ቀምሳ ትትፋው እንዳይባል፣ እናቷ «ጠላ አይተፋም፣ በረከቱ ይሸሻል» እያሉ ነው ያሳደጓት። ጌዴዎን ደግሞ እንኳን ሊቀምስ በበርሜሉ አጠገብ ሲያልፍ እንኳ እየዘመረ ነው። ስለዚህ የቤቱ ምላስ አቶ ሽጉጤ ናቸው። እሳቸውም ዓመት በመጣ ቁጥር በእድርተኛው ፊት «ጥሩ ነው፤ ግን» ይላሉ። ሰው ይስቃል። ደስታነሽም ትስቃለች፣ ውስጧ እያረረ።

«አንድ ቀን ብቻ በሰው ፊት ምንም አልጎደለውም ቢሉኝ፣ ከዚያ በኋላ ብሞትም ግድ የለኝ» ትለዋለች ጌዴዎንን።

«በጠላ ምክንያት አይሞትም፣ እህቴ» ይላታል።

ዘንድሮ ብርዱ ባሰ። ድፍድፉ አልፈላ ብሎ አስጨነቃት። በርሜሉን ከፍሪጁ ጀርባ፣ ሞተሩ ሙቀት ከሚለቅበት ቦታ አስጠግታ የገዛ ብርድ ልብሷን አለበሰችው፤ እሷ በጃኬት ተኛች። ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን በርሜሉ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ውስጡ ሲንሾካሾክ ሰማችና «እሰይ የኔ ልጅ!» አለችው።

ስብሰባው እሑድ ሊሆን አቶ ሽጉጤ ቅዳሜ መጡ። አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመዋል፣ ከሳ ብለዋል። «ጉንፋን ይዞኝ ከርሞ ነው፣ አሁን አልፏል» ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ደስታነሽ ቀዳችላቸው። ዐይን ተጨፈነ፣ ጉንጭ ተሞላ፣ ተዋጠ።

«ደስታነሽ» አሉ። «ምንም አልጎደለውም።»

እልልታዋ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ቆመ። ደስ ሊላት ሲገባ ፈራች። ጎደለው ሳይሉ? ይደገመኝ ሳይሉ? ጌዴዎን እንኳ ካለበት ጥግ ቀና ብሎ አያቸው። ሰውየው የጻካኔው ሽጉጤ መሆናቸውን ሊያጣራ የፈለገ ይመስል ነበር።

ደስታነሽ ወደ ጓዳ ገባች። ጌዴዎን ጠዋት ያፈላው፣ ሮይቦስ የሚሉት የአገሬው ቀይ ሻይ ስኳር ሳይገባበት በማንቆርቆሪያው ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር። እሱን ጣሳ ላይ ሞልታ ይዛላቸው ወጣች።

«ይኼ ደግሞ ከበርሜሉ ሥር የቀዳሁት ነው፣ ጋሽ ሽጉጤ። እስቲ ይፍረዱት።»

ጠጡ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ውይ፣ ይኼኛውማ ጉልበቱ! አናት ይመታል!»

ጌዴዎን ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ። ደስታነሽ ግን አልሳቀችም። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሽ ሽጉጤ፣ የጠጡት እኮ ሻይ ነው» አለቻቸው።

ጣሳውን አዩት። እሷን አዩዋት። ሻርፓቸውን ፈቱና መልሰው ጠመጠሙት።

«ከጉንፋኑ ወዲህ አፌ እንጨት ሆነ» አሉ በመጨረሻ። «ዶሮ ወጥም ስጡኝ፣ ሳሙናም ስጡኝ፣ ለእኔ አንድ ነው። ሐኪሙ ይመለሳል ብሎኛል፤ መቼ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉን?»

«ምን ብዬ ልናገር? ሳምንቱን ሙሉ በፍርግርጉ ቀዳዳ በዙሉኛ ሳውቦና፣ ሰላም ነው ስል ነው የምውለው። ዳቦ ይሉኛል፣ ዳቦ እሰጣለሁ። ‹ሽጉጤ፣ አንተስ ምን ትላለህ?› የምባለው እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ብቻ ነው። መቅመስ ካቃተኝ ምን ልሠራ እመጣለሁ?»

ደስታነሽ፣ ስንት ዓመት በሆዷ ስትረግማቸው የኖረች ሴት፣ አሁን ሻርፓቸውን ብታስተካክልላቸው በወደደች።

አቶ ሽጉጤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግዴለሽም። ነገ በሰው ሁሉ ፊት ምንም አልጎደለውም እልልሻለሁ። ስንት ዘመን ጠበቅሽው፤ ይገባሻል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አማራት። በጣም አማራት። ማን ያውቅባታል?

ተነሥታ ከበርሜሉ ቀዳች። ከዚያ ባለቤቱ ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት ቀድሞ እንደሚቀምሰው፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችው። ጨጓራ የፈለገውን ይበል! ጌሾው መረር ብሎ መጣ፤ ብቅሉ ተከተለው፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ ደረቷ ወረደ። ምንም አልጎደለውም። አሁን ራሷ አወቀች።

«አይሆንም፣ ጋሽ ሽጉጤ» አለች። «ሳይቀምሱ ያመሰገኑኝን ምስጋና ምን አደርገዋለሁ? ደግሞ እርስዎ ካመሰገኑ ሰዉ ምን ነካቸው ብሎ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ይወስድዎታል። ነገ እንደ ልማድዎ ይበሉ።»

እሑድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ሽጉጤ ጣሳቸውን ሲያነሡ ወሬው ሁሉ ቆመ። ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ ጉንጫቸውን ሞሉ፣ ዋጡ። ደስታነሽ ጆጉን ጨብጣ ቆማለች፤ ሐሳባቸውን ለውጠው ያመሰግኑኝ ይሆን ብላ ከንፈር ከንፈራቸውን ታያለች።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን አንድ ነገር ጎድሎታል።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «ምኑ?» ብላ ጮኸች ደስታነሽ፣ ከሁሉም በላይ እየሳቀች።

«እሱን እንድለይ እስቲ ይደገመኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሻክሮ ነበር። እስከ አፉ ሞላችላቸው።

ከዚያ ጠላ አንድ ትንሽ ጀሪካን ደብቃ አስቀረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሳያይ ጉንጭ የምታህል ትቀዳላቸዋለች፤ «እንጨት» ይሏታል፤ «ይሁን፣ ለሳምንት» ትላቸዋለች። ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴ አለፈ። መስከረም ላይ አንድ ቅዳሜ አቶ ሽጉጤ እንደ ወትሮው ጉንጫቸውን ሞሉ። ፊታቸው ተኮማተረ። ዐይናቸው ፈጠጠ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርገው አስቀመጡት።

«አንቺ ልጅ! ኮምጣጤ ነው እንዴ የምታጠጪኝ?»

ደስታነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ከታች ያሉ ባለሱቆች ሠርግ መሰላቸውና ደረጃው ላይ ወጡ። ጌዴዎን «ክብር ለጌታ ይሁን!» ብሎ አጨበጨበ፤ ለጠላ ሲያጨበጭብ ያ የመጀመሪያው ነው። አቶ ሽጉጤ ሁለቱንም ግራ ተጋብተው አዩዋቸው። ከዚያ ገባቸው። ከንፈራቸውን ላሱ፤ አንዴ፣ ደግመው። ዐይናቸው እንባ አቀረረ፤ ኮምጣጤው ነው ብንል ማን ይከራከረናል?

ጣሳቸውን ዘረጉላት።

«እስቲ ይደገመኝ።»