ክቡር ፌርማታና ያልወረደችው ዶሮ

እያወራ መራመድ የማይሆንለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አፉ ሲከፈት እግሩ ይቆለፋል። ለእኛ ሕንፃ የደረሰን ግን የሁሉም አለቃ ነው፤ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ። ክቡር ፌርማታ እንለዋለን።

ክቡርነታቸው ደረጃ ላይ ሰው ካገኙ ክንዱን ይዘው፣ «ቆይማ፣ ይቺን ሳልነግርህ» ይላሉ። ይቺ የተባለችው ወሬ ሳታልቅ እግር አይነሳም። አንዴ ቁም ሣጥን ተሸክመው የሚወርዱ ሁለት ሰዎች አስቆሙ፤ ሰዎቹ ቆመው የጀመሩትን ወሬ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ጨረሱት። እኔም ስንቴ በሬን ከፍቼ፣ ድምፃቸውን ሰምቼ መልሼ ዘግቻለሁ።

ዓምና ሐኪሙ «ሳንባዎት ላይ ጠባሳ አለ» አለኝ።

«ጠባሳ እኮ የዳነ ቁስል ነው፤ ታዲያ ምን ያስጨንቃል?» አልኩት።

ልብስ ሰፊ መሆኔን ያውቃል። «እማማ፣ የተጣፈ ሹራብ እንደ ድሮው ይለጠጣል?»

«የት ይለጠጣል!» አልኩት።

«ጠባሳው አይለቅም። መራመድ ግን እንዳይተዉ። ትንፋሽ ሲያጥርዎት ቆም ይበሉ፣ ሲመለስልዎት ይቀጥሉ።»

ልጄ ይህን ስትሰማ ፈረደች። «እማዬ፣ አራተኛ ፎቅ መውጣት ካቃተሽ እኔ ጋ ትገቢያለሽ።» ቤቷ ምድር ነው፣ ሰፊም ነው። ግን የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር አርባ ዓመት ቆሞ ወለሉ በእግሩ ልክ ጎድጉዷል። እንዲህ ያለ ቦታ ከየት ይመጣል?

እሑድ ልትፈትነኝ መጣች። ዳቦ ገዝተን ስንመለስ ክቡርነታቸው በሩ ላይ ናቸው፤ አብረውን መውጣት ጀመሩ። አንደኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል፣

«ቆይማ እትዬ፣ ይቺን ሳልነግርሽ። አንዲት ዶሮ ከባለቤቷ እቅፍ አምልጣ መሪዬ ላይ አትወጣብኝም?»

ትንፋሼ መለስ ሲል፣ «በሉ እንሂድ» አሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዶሮዋ አንድ ራሰ በራ ተሳፋሪ አናት ላይ ነበረች። ሦስተኛው ላይ ወንበር ሥር ገባች።

ቤት ስንገባ ልጄ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ይሄ ሰውዬ ባያዘገየን ኖሮ ስንቴ ደርሰን ነበር። አንቺስ ምንም አልሆንሽም» አለች። እሷ ጋ ስለ መግባቴ አላነሳችም።

ነገሩ የገባኝ ዳቦውን ስቆርጥ ነው። ያ ሰው በሕይወቱ ወሬ አቋርጦ አያውቅም። ያን ቀን ሦስቴ አቋረጠ፤ ሲያወራም ዓይኑ ከፍ ዝቅ የሚለው ትከሻዬ ላይ ነበር።

በነጋታው ደረጃው ላይ ጠየቅኩት። «የዶሮዋ መጨረሻ ምን ሆነ?»

«ምን ያጣድፍሻል እትዬ፣ ገና አንደኛ ፎቅ ነን» አለኝ።

ይኸው ዓመት ሊሆነን ነው። ዶሮዋ እስከ ዛሬ አውቶቡሱ ላይ ናት። አትውረድብኝ።