ቲነር የማይደፍረው መንኮራኩር

ጥበብ የምትገባበትን ቤት መርጣ ነው የምትገባው። ወረታ ላይ የመረጠችው፣ ስሙን በትሕትና የማልጠቅሰውን የበርና የመስኮት ማምረቻ ድርጅታችንን ነው። በቀለም ቅብ ክፍላችን ወለል ላይ ቀለም ማቅጠኛው ቲነር ሳይፈስስ የዋለበት ቀን የለም። ስለዚህ ድርጅቱ የቲነር በርሜል ለሚጫንበት ጋሪ "ኬሚካል የሚቋቋም መንኮራኩር" የሚመርጥ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰውመሆን፣ ጸሐፊዋ የግዥ ኃላፊዋ ወይዘሮ አይናለም ሆኑ። ጋሪውን የሚገፋው አያ በላቸው አልተካተተም፤ ገፊ እንጂ ባለሙያ አይደለማ።

በላቸው የሚያሳስበው እግሩ ብቻ ነበር። የድሮው ጋሪ መንኮራኩር ተሰብሮ በርሜሉ ለጥቂት ነው የሳተው። የሩዝ ማሳው የአረም ጊዜ ደርሷል፤ ረግረግ ውስጥ ቆሞ የሚያርም ሰው ደግሞ ሁለቱም እግሮቹ ያስፈልጉታል።

"ጌታዬ፣ እባክዎ ደህና ጎማ ይሁን" ሲል ለመነ።

"ሳይንስ ይወስናል፤ አንተን ምን አስጨነቀህ?" አሉት አቶ ሰውመሆን።

ከባሕር ዳር ሦስት ናሙና መጣ፤ ጥቁር ጎማ፣ ነጭ ናይለንና ብረት። ሻጩ በስልክ፣ "ለቲነር ከሆነ ናይለኑን ውሰዱ፤ ጎማውን ይበላዋል" አለ። ኮሚቴው ይህን በከፍተኛ ጥርጣሬ ተመለከተው። ነጋዴ ሳይጠየቅ እውነት ከተናገረ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ሙከራው መጣ። ፎገራ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ስለ ማንኛውም ዕቃ የሚጠይቀው ውኃ ይችል እንደሆነ ነው። ክረምቱን ከነከብቶቻችን ውኃ ውስጥ የምንከርም ሰዎች ስለሆንን አይፈረድብንም። እናም ናሙናዎቹ ከአጥሩ ጀርባ ካለው የሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ በክብር ተነከሩ።

"በቲነር አንሞክረውም?" አሉ ወይዘሮ አይናለም።

"ቲነር ምንድን ነው?" ጠየቁ ሰብሳቢው።

"ፈሳሽ ነው።"

"ውኃስ?"

"እሱም ያው ፈሳሽ ነው።"

"ታዲያ ቲነር ምን ያስባክነናል?"

ተጨበጨበ።

ናሙናዎቹ ሲወጡ ብረቱ ዝጎ ተገኘ፤ ወደቀ። ናይለኑ ምንም አልሆነም፤ ነገር ግን ነጭ በመሆኑ ጭቃው ስለታየበት "የድርጅቱን ገጽታ ያጎድፋል" ተብሎ እሱም ወደቀ። ጥቁሩ ጎማ በሙሉ ድምፅ አሸነፈ። በምርቃቱ ዕለት አቶ ሰውመሆን ሪባን ቆርጠው፣ "ከዛሬ ጀምሮ ኬሚካል በዚህ ግቢ አቅሙን ያውቃል" ሲሉ ታሪካዊ ንግግር አደረጉ።

ኬሚካሉ ግን ንግግሩን አልሰማም። ብዙም ሳይቆይ ጎማው አበጠ፣ ላላ፣ እንደ ታኘከ ማስቲካ ወለሉ ላይ ተለጠፈ። አንድ ጠዋት በላቸው ሲገፋ ጋሪው ድንገት ቀጥ አለ፤ በርሜሉ ግን ጉዞውን ቀጠለ። በላቸው ዘሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ተረፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም እግሮቹን ሲዳስስ አይቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ እኔም መሳቅ አልቻልኩም።

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። መንኮራኩሩ ፈተናውን በሚገባ ያለፈ በመሆኑ ሊወቀስ እንደማይችል ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከቲነር እንዲጠበቅ ተወሰነ። ጋሪው ቲነር ወደማይደርስበት ንጹሕ መጋዘን ተዛውሮ ሸራ ይለብሳል። ቲነሩ በጄሪካን እየተቀዳ በበላቸው ትከሻ ይጓጓዛል።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ አያ በላቸው" አሉት አቶ ሰውመሆን አስጠርተው። "ከእንግዲህ በርሜል እግርህ ላይ አይወድቅም።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። ግን ወለሉ ላይ የሚፈሰው ቲነር ሸበጤን ጨረሰብኝ፤ እግሬንም ይለበልበኛል። ቦቲ ጫማ ቢገዛልኝ?"

ወይዘሮ አይናለም ብዕራቸውን አነሱ። "ቦቲው ከምንድን ነው የሚሠራው?"

"ከጎማ ነዋ" አለ በላቸው።

የኮሚቴው አባላት ተያዩ። አቶ ሰውመሆን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከስሕተቱ የተማረ ሰው በሚናገርበት ረጋ ያለ ድምፅ መለሱለት።

"አንድ ጊዜ ተሳስተናል፣ አያ በላቸው። ቲነር የሚበላው ዕቃ ሁለተኛ አንገዛም። በባዶ እግርህ ግባ።"