የጋሽ ኑሪ ድምፅና አሮጌው ሳውንድ ካርዴ

አዲስ ዕቃ ኩራት ያበዛል ልበል? ሰው እንኳ ኑሮው ከፍ ሲል የድሮ ጎረቤቱን ሰላም ማለት ይረሳል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ጭራሽ መርሳቱን እንደ እድገት ይቆጥረዋል። ይህን የተረዳሁት እዚሁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ ላብ በላብ ሆኜ ነው።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ነጋዴው ጋሽ ኑሪ መንዙማ ሲሉ ብሎካችን በሙሉ መስኮቱን ይከፍታል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ታዲያ ጉሮሯቸው ላይ ዕጢ ተገኘና ቀዶ ጥገና ሊገቡ ሆነ። ሐኪሙ ድምፅዎ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል ብሏቸዋል። ልጃቸው ፎዚያ በቀዶ ጥገናው ዋዜማ በጠዋት በሬን አንኳኳች።

"መንዙማውን በስልክ ቀድቼው ነበር፤ ከአባባ ይልቅ 'ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!' የሚለው የታክሲ ረዳት ነው ጎልቶ የገባው። አንተ መቅጃ ዕቃ አለህ አይደል?"

አለኝ እንጂ! ዘፋኝ መሆን ባማረኝ ዘመን የገዛሁት ሳውንድ ካርድ፣ የማይኩን ድምፅ ተቀብሎ ለኮምፒውተር የሚያቀብል ሳጥን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። አቧራውን አራግፌ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ላፕቶፑ "የማይታወቅ ዕቃ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ነቅዬ ሰካሁ። አጥፍቼ አበራሁ። ሶፍትዌሩን ብፈልግ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከረሱት ቆይተዋል። በመጨረሻ ኢንተርኔት ላይ አንድ የማላውቀው ደግ ሰው፣ አሮጌ ሳጥን አዲሱ ፈጣን መሰኪያ ሲያዋክበው ያኮርፋልና መሃላቸው የድሮ የዩኤስቢ ማከፋፈያ አስገቡ ይላል።

እየሮጥኩ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወረድኩ። ባለሱቁ "ይሄኛው አዲስ ነው፣ በጣም ፈጣን" ሲለኝ "የለም ወንድሜ፣ ካለህ ሁሉ ቀርፋፋውን ስጠኝ" አልኩት። አስተያየቱን ብታዩት! ተመልሼ ስሰካው፣ እናንተዬ፣ ሽማግሌ መሃላቸው እንደገባ ባልና ሚስት ታረቁ። አረንጓዴዋ መብራት ቦግ! "ያዘ! ያዘ!" ብዬ ስጮህ ጎረቤቱ እሳት የተነሳ መስሎት ወጣ።

ጋሽ ኑሪ መጥተው ማይኩ ፊት ተቀመጡ። "እንግዲህ ይበሉልን" አልኳቸው።

"ኧረ ተወኝ ልጄ፣ እኔ ደግሞ ምን ድምፅ አለኝ?"

እኔ ቂሉ፣ ሐሳቤ ሁሉ መብራቷ ላይ ነውና፣ "እሺ፣ ካላሰኘዎት..." ብዬ ልነሳ! ፎዚያ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"ለምነው እንጂ!"

ለመንኩ። በሞቴ አልኩ፣ አፈር ስሆን አልኩ፣ ፎዚያም አገዘችኝ። እሳቸው እምቢ ሲሉ፣ እኛ ስንለምን፣ በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፈኑና ጀመሩ። ደስታ እንዲህም ያስለቅሳል።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ፤ ዛሬ ጋሽ ኑሪ ሱቃቸውን ከፍተው ይውላሉ። ያ ድምፅ ግን አልተመለሰም። የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። ቅጂውን ይዤላቸው ሄድኩና ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ለካ ከደስታዬ ብዛት መቅጃውን ቀድሜ ተጭኜው ኖሮ ያ ሁሉ እምቢታና ልመና መግቢያው ላይ ቁጭ ብሏል። አፈርኩ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄን ቆርጬ አወጣዋለሁ።"

እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"እንዳትነካው" አሉ በዚያች በቀረቻቸው ድምፅ። "የልጅ ልጆቼ ሳልለመን ያልኩ ይመስላቸዋል።"